«አውሎ ነፋሱ ደክሟል» ቢሉኝ ልተኛ?

ጥያቄ፦ ልጄ ጅቡቲ ከተማ ሻይ ቤት ትሠራለች። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሳጋር የሚሉት አውሎ ነፋስ የመጣ ጊዜ ማታ ደወለችልኝ። «እማ፣ አይዞሽ፣ ደክሟል ተብሏል» አለችኝ። እፎይ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ብደውል ስልኳ አይሠራም። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ለካ የተከራየችው ቤት ውሃ ገብቶበት ፍራሿን ተሸክማ ጎረቤት ፎቅ ላይ ኖሯል ያደረችው። ደክሟል የተባለው ያን ሁሉ ውሃ ከየት አመጣው? ደግሞ ቢመጣስ ምን ልበላት?
እናት፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እትዬ፣ ያቺን «ደክሟል» የምትል ቃል እኔም እፈራታለሁ። የደከመው ነፋሱ ነው። ለአውሎ ነፋስ ደረጃ የሚሰጡት በነፋሱ ፍጥነት ነው። በሰዓት ከ63 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ አውሎ ነፋስ መባሉም ይቀራል። ደረጃው ስለ ዝናቡ ምንም አይናገርም።

አውሎ ነፋስ ጉልበት የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነው። የብስ ሲገባ ያ ይቋረጥበትና ነፋሱ ይወድቃል። ከባሕሩ ጠጥቶ የመጣው እንፋሎት ግን ገና ሰማይ ላይ ነው፤ መውረዱ አይቀርም። መንገዱ ከዘገየ ደግሞ ባሰ፤ አንድ ቦታ ቆሞ ያወርደዋል። በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ አሜሪካ፣ ቴክሳስ የገባው ሃርቪ ያደረገው ይህንኑ ነው። የብስ በገባ በማግስቱ ነፋሱ ወረደ፤ እሱ ግን ከዚያ አልነቃነቅ አለ። በጥቂት ቀናት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የዘነበበት ቦታ አለ። ባሕር ዳራችን ክረምት ከበጋ ተደምሮ በዓመት የምታገኘው 1,400 ገደማ ነው።

ጅቡቲ ደረቅ አገር ናት። በሳጋር ጊዜ የዓመቱን የሚያክል ዝናብ በአንድ ቀን ወረደባት። ከተማዋን አቋርጦ ባሕር የሚገባ አምቡሊ የሚባል ወንዝም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ከላይ ሲዘንብ ግን ልጅዎ ሰፈር ጠብ ሳይል ደራሽ ሊመጣ ይችላል።

ይህ ለእኛ ለጣና ሰዎች እንግዳ አይደለም። ጣና ከፍ የሚለው ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ አይደለም። መስከረም ነው፣ ዝናቡ ቀንሶ አደይ ሲፈነዳ። ርብና ጉማራ፣ ግልገል ዓባይና መገጭ የተሸከሙትን አምጥተው እስኪጨርሱ ይሞላል።

እኔ ያደግሁት ፎገራ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ የገባብን ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነበር። አባቴ «ተመስገን፣ አባራ» ብሎ ጋቢውን አጥር ላይ አሰጣ። ወንዞቻችን ከሚነሱበት ከጉና ተራራ ላይ የዘነበውን ማን አየ? ሌሊት እናቴ ኩራዝ ስታበራ የላስቲክ ጫማችን ቤቱ መሀል ይንሳፈፋል። እኛን ቆጥ ላይ አወጣችን። ጎታው ግን የሚነሳ አልነበረም። ውሃው ሲሸሽ ግርጌው ረጥቦ ተፈረካክሷል፤ በስንጥቁ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል። እስከ አዲሱ እህል የሚያሻግረን ጤፍ ነበር። እናቴ ያን ቡቃያ በጣቷ እየነካካች ስታለቅስ አሁንም ይታየኛል።

ስለዚህ ልጅዎን ስለ ነፋሱ አይጠይቋት። «ዝናቡ ስንት ይሆናል አሉ? እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል? ቤትሽ ለአምቡሊ ምን ያህል ይቀርባል?» ይበሏት። የባሕሩም ነገር አለ። ነፋሱ ወደ ዳር የገፋው ውሃ ባሕሩ ከሚሞላበት ሰዓት ጋር ከገጠመ፣ የከተማው ጎርፍ መውጫ ያጣል።

በዚያ በኩል አውሎ ነፋስ የሚያሰጋው በተለይ ግንቦትና ሰኔ፣ ደግሞም ጥቅምትና ኅዳር ነው። ፓስፖርቷን በላስቲክ ጠቅልላ ከፍ ያለ ቦታ ታስቀምጥ። ስልኳን አስቀድማ ቻርጅ ታድርግ። ውሃው ደጅ ሳይደርስ፣ እጇም እግሯም ደረቅ ሳለ፣ መብራቱን ከቆጣሪው ታጥፋ። ወራጅ ውሃ ግን በፍጹም አትሻገር፤ በሌሊት ደግሞ ጭራሽ። 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ የሚል ማለት ነው፣ በኃይል ከወረደ ትልቅ ሰው ይጥላል። 30 ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ይወስዳል። ሻይ ቤቱ ቢከፈትም፣ አሠሪዋ ቢቆጣም፣ አትሻገር።

«ደክሟል» ብላ ከደወለችልዎ፣ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እዚያው ጎረቤት ፎቅ ላይ ትደር። እርስዎም ጠዋት ጠዋት ይደውሉላት።