ጎማ ስትገዙ ቀኑን እዩ፦ ጥያቄና መልስ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። ክረምት ሊገባ ሲል የጎማ ጥያቄ ስለሚበዛ የዛሬን ከሰዓት ለእናንተ ትቼዋለሁ። ማርቆስ ላይ ጎማ ስፈታና ስገጥም እንደምውል ታውቃላችሁ። ስትጠይቁ የመኪናውን ዓይነት፣ ጎማው ላይ የተጻፈውን ልክና የምትሄዱበትን መንገድ አብራችሁ ጻፉ። እሱ ከሌለ የምመልሰው የለኝም።

ከዳንግላ፦ ጋሼ፣ ምርጥ ጎማ የቱ ነው?

መልስ፦ ለየትኛው መኪና? ለየትኛው መንገድ? ከላይ ያለውን አንብብና ተመለስ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ ቪትዝ ነው ያለኝ፤ ልኩ 165/70 አር 14። አንድ ነጋዴ ስሙ የታወቀ የጃፓን ጎማ በጥሩ ዋጋ ልስጥህ ብሎኛል። ቁጥሩ 1516 ይላል። የ2016 ነው፣ አዲስ ነው አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብሩን ኪስህ ውስጥ አቆየው። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉት 4 ቁጥሮች ጎማው የተሠራበት ጊዜ ናቸው። የፊተኞቹ 2 ሳምንቱን ይነግሩሃል፣ የኋለኞቹ 2 ዓመቱን። ዓመቱ ግን በፈረንጅ ነው! 1516 ማለት የ2016 እ.ኤ.አ. 15ኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 2008። አዲስ ብለህ ልትገዛው የነበረው ጎማ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ነው። 3523 የሚል ብታገኝ በእኛ ነሐሴ 2015 ነው። በዚህ ስሌት ተታልሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ላስቲክ ባይነዳም ያረጃል። ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል፣ ከውስጥም ከሽቦው መላቀቅ ይጀምራል። ብዙ የመኪና አምራቾች 6 ዓመት ካለፈው ይፈተሽ ወይም ይቀየር ይላሉ። የጎማ ፋብሪካዎች ደግሞ ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀረው ከ10 ዓመት በላይ አትሂዱበት ይላሉ። ስሙ የገነነ አሮጌ ጎማ ከምትገዛ መካከለኛ ስም ያለው፣ ቀኑ ትኩስ የሆነ ጎማ ግዛ። ቁጥሩ ካልታየህ ጎማውን አገላብጠው፤ ቀኑ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚታተምበት ጊዜ አለ። ነጋዴው አላገላብጥም ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ከእንጅባራ፦ ጥርሱ ሙሉ ከሆነ ግን ዕድሜው ምን ያደርጋል?

መልስ፦ አሁን ተናገርኩ። ጥርስ ሌላ፣ ዕድሜ ሌላ። ቀኑን እዩ።

ከደጀን፦ እኔ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ፤ የዓባይን በረሃ እመላለስበታለሁ። ታች ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጎማው ስለሚግል ብዙዎቻችን ንፋስ እንቀንሳለን። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ያንኑ ያህል ትወጣለህ። ስትወርድ ፍሬኑ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ቸርኬው ይሄዳል፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው። አስፋልቱና አየሩም እሳት ነው። ጎማው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ንፋሱ 1.5 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይጨምራል። ፋብሪካው ይህን አስቦ ነው ልኩን የወሰነው። በሹፌሩ በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው።

ታች ቀንሰህ ደጀን ስትደርስ ብርድ ያገኝሃል፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ ንፋሱ ከልኩ በታች ይሆናል። እንዲያው ማርቆስ ትደርሳለህ፣ ሌሊቱን ያድራል፣ ጠዋት ሳትለካ 12 ሰው ትጭናለህ። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። በረሃው ውስጥ የሚፈነዳው ብዙውን ጊዜ ንፋስ ያነሰው ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የሚኒባስ ጎማ ፈታሁ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ጥርሱም ገና ነበር። ከቸርኬው ሳላቅቀው ከውስጡ እፍኝ ሙሉ ጥቁር ዱቄት ፈሰሰ። የጎኑ ላስቲክ በመተጣጠፍ ተፈጭቶ ነው። በጣቴ ስዳብሰው ክሩ ይነካኝ ነበር። ያ ጎማ በማግስቱ ተሳፋሪ ይዞ ሊወርድ ነበር።

ስለዚህ ንፋስ ጠዋት ሳትነሳ ለካ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ያዝ፤ ፍሬን ረግጠህ አትውረድ። ሚኒባስ ላይ ደግሞ ልኩ መጨረሻ ላይ ሲ የሚል፣ ለጭነት የተሠራ ጎማ ብቻ ግጠም፣ ለምሳሌ 195 አር 15 ሲ። አጠገቡ 106/104 የሚል የጭነት ቁጥር ካለ የፊተኛውን እይ፤ አንዱ ጎማ ለብቻው ሲገጠም እስከ 950 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 91 የሚል የቤት መኪና ጎማ 615 ኪሎ ነው የሚችለው። ቀዳዳው ገጠመልኝ ብለህ እሱን አትሰር። ተሳፋሪዎቹ አንተን አምነው ነው የሚሳፈሩት።

ከባሕር ዳር፦ ናይትሮጅን ማስሞላት ይጠቅማል?

መልስ፦ ተራው አየርም 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ብሩን ለንፋስ መለኪያ አውለው።

ከባሕር ዳር፣ ሌላ ሰው፦ ኮሮላዬን ከ195/65 አር 15 ወደ 205/55 አር 16 ልቀይር ነው። ኩርባ ላይ ጥሩ ይይዛል ይላሉ።

መልስ፦ እውነት ነው፣ መሪው ይፈጥናል፣ ኩርባ ላይ መወዛወዙ ይቀንሳል። የሁለቱ ቁመት ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ስለማይሞላ የፍጥነት ቆጣሪህም አይዛባም። የጎማው ጎን ግን በ14 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆንክ ይሁንልህ። ጉድጓድ የበዛበት መንገድ የምትሄድ ከሆነ ቸርኬ ስታስቀና ትኖራለህ። ለዝናብ ከስፋቱ ይልቅ ጎኑ ላይ ትራክሽን የሚለውን እይ፤ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን የመያዝ ደረጃ ነው። ኤኤ የመጨረሻው ጥሩ ነው፣ ሲ የመጨረሻው ዝቅተኛ። ቴምፕሬቸር የሚለው ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ነው፤ በረሃውን የምትወርዱ ሁሉ ኤ ያለበትን ምረጡ።

ከቡሬ፦ ሁለት አዲስ ጎማ ነው የገዛሁት። የት ላስገጥም?

መልስ፦ ከኋላ።

ከእንጅባራ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ አይዋጥልኝም። መሪ ያለው ፊት፣ ሞተሩ የሚጎትተው ፊት። አዲሱ ፊት ነው መሆን ያለበት። የኛ ጎሚስታም ሁልጊዜ ፊት ነው የሚያስረው።

ከሞጣ፦ እኔም ፊት ነው የማስረው። ፊት ከፈነዳ ማን ይይዘዋል?

ከቡሬ፦ ኧረ እኔ በክረምት ኮሶበር ጋ ኋላው ዞሮብኝ ያውቃል። ጋሼ ልክ ናቸው።

ከሞጣ፦ አንተ በዚያ መንገድ ምን አስኬደህ? ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በሞጣ ነው የሚያጥረው።

ከቡሬ፦ ቢያጥርስ? እኔ ቤቴ ቡሬ ነው!

መልስ፦ የመንገድ ምርጫውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ፊት ሲንሸራተት እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ መኪናው ቀስ ብሎ ይመለሳል። እርጥብ ኩርባ ላይ ኋላው ከሄደ ግን ዞረህ ነው የምትቆመው፤ ከብዙ ሹፌር አቅም በላይ ነው። ጥርሱ የደከመ ጎማ ውሃውን ገፍቶ ስለማያወጣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ደህናው ኋላ። የፊቱ ይፈነዳል ብለህ የምትፈራው ከሆነ እሱ ጎማ ፊትም ኋላም ሊታሰር አይገባም፤ ጣለው።

ከሮብ ገበያ፦ ጮቄ ሥር ነን፣ በረዶ ይጥላል። ያገለገለ የበረዶ ጎማ ቀርቦልኛል፣ ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት አለው።

መልስ፦ ይቅርብህ። እሱ ለወራት በረዶ ለሚተኛበት አገር የተሠራ ለስላሳ ላስቲክ ነው። የእናንተ በረዶ ጥሎ ይቀልጣል። ፀሐይ ሲወጣና ቆላ ስትወርድ ያ ጎማ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬንም በደንብ አይዝም። ያገለገለ ደግሞ ስንት ዓመቱ ነው? ቀኑን አየኸው?

ከሞጣ፦ ሃይሉክስ አለኝ። ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ መረሬ አፈር ነው። ጥርሱ ትልልቅ የሆነውን የጭቃ ጎማ ልግዛ?

መልስ፦ ኦል ቴሬን የሚባለው፣ ለአስፋልቱም ለጭቃውም የሚሆነው ይበቃሃል። የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ቶሎ ይበላል፣ በዝናብ ፍሬን ላይ ይሰንፋል። እርጥብ መረሬ እንደሆነ ማንኛውንም ጥርስ ይሞላዋል። ከጭቃው ስትወጣ አስፋልት ላይ ወዲያው አትፍጠን፤ ጥርሱ ያጣበቀውን እስኪተፋ ቀስ በል።

ከዳንግላ፦ ጋሼ፣ ተመልሻለሁ። ኮሮላ፣ 185/70 አር 14። በየቀኑ ባሕር ዳር፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ አዲስ አበባ። ብሬ ለ2 አዲስ ወይም ለ4 ያገለገለ ነው የሚበቃው።

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! 2 አዲስ ግዛ፣ ከኋላ እሰር። ከነባሮቹ የተሻሉትን 2 ፊት አድርግ፤ ቀናቸውንም እይ። በጥርሱ ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፣ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ እነሱ ጋ ከደረሰ ጎማው አልቋል። ለክረምት ግን 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መቀየር ጀምር፤ ከዚያ በታች እርጥብ ላይ የማቆሚያ ርቀቱ በጣም ይረዝማል። ትሬድዌር የሚለው ቁጥር ከፍ ያለ ከሆነ ቀስ ብሎ ያልቃል፤ በየቀኑ ለምትመላለስ ሰው ይጠቅማል። የኮሪያ፣ የጃፓን፣ የቻይና እያላችሁ አትጨነቁ። በአዲሶቹ እየሠራህ ቀሪዎቹን 2 ቀስ ብለህ ትተካለህ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት አይሠራም። ሱቅ ብቅ በል።

ከባሕር ዳር፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ተራ ጎማ ይሆናል?

መልስ፦ ባትሪው ከባድ ነው፣ ሲነሳም ጉልበቱ ወዲያው ስለሚመጣ ጎማ ይበላል። የመጣበት ጎማ ኤክስ ኤል (ተጨማሪ ጭነት የሚችል ማለት ነው) የሚል ከሆነ ስትቀይርም ኤክስ ኤል ግዛ፤ የጭነት ቁጥሩ ከነባሩ አይነስ። የቀረውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠይቅ።

ከዳንግላ፣ ሌላ ሰው፦ ምርጥ ጎማ የቱ ነው?

መልስ፦ የአገርህ ልጅ ጠይቆ ተመልሶለታል። ወደ ላይ ሄደህ አንብብ።

ከቢቸና፦ እኔ አራቱንም ቀይሬያለሁ። ስኮርቱ (መጠባበቂያው ጎማ) ግን ከመኪናው ጋር የመጣው ነው፣ አንድም ቀን መሬት አልነካም። እሱን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀኑን አንብቢው። መኪናው 12 ዓመት ከሆነው ስኮርቱም ቢያንስ 12 ነው። ከአራቱ አሮጌዎች ውስጥ ዕድሜው የተሻለ፣ ጥርስ የቀረውና ጎኑ ያልተሰነጠቀ ካለ እሱን ስኮርት አድርጊ። ንፋሱን በወር አንዴ አስለኪው፤ ብዙ ሰው በረሃው ውስጥ ጎማ ሊቀይር አውጥቶ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ክሪኩንም ሞክሪው።