«ድፍረት ስጠኝ» እያልኩ ስጸልይ ምላሴ ይብሱን ይታሰራል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምሠራው ባሕር ዳር ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን ደምበጫ አካባቢ ናቸው። መንገዱ ከሆነልኝ ዘንድሮም ገናን እዚያው ነው የምውለው። ችግሬ ወንድም ጋሼ ነው። አባየ ካረፈ 3 ዓመት ሆነው። በሐኪምም በጸበልም ብለን ሳይሆንልን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጦ አያውቅም። ልጅ እያለሁ በሌሊት ቀስቅሶ የሚወስደኝ እሱ ነበር እኮ! በየዓመቱ «ዘንድሮስ ስለ ክርስቶስ እነግረዋለሁ» ብዬ እሄዳለሁ፣ አፌ እንደተለጎመ እመለሳለሁ። አምና ቡና ላይ ጀመር አድርጌ ነበር። «ሰባኪዋ መጣች!» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማየም «በበዓል ቀን ነገር አታንሺ» አለችኝ። ጾሙ ኅዳር 15 ከገባ ጀምሮ «ጌታ ሆይ ድፍረት ስጠኝ» እላለሁ፣ ድፍረቱ ግን የለም። የተሳሳተው ጸሎቴ ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጸሎትሽ አልተሳሳተም። ቃሉ ግን ትንሽ ያስቸግራል። እስቲ እናትሽ ቤት «ደፋር» ማለት ምን ማለት ነው? በእኛ አገር ሴት ልጅ «ደፋር» ከተባለች ተሰድባለች። «በድፍረት የሠራሁትን ይቅር በለኝ» ስንልም ስለ ኃጢአት ነው የምናወራው። እንግዲህ በታላቅ ፊት ቀና ብላ እንዳትናገር ተኮትኩታ ያደገች ልጅ፣ ለገና ሲሆን ድንገት «ድፍረት ስጠኝ» ብላ ስትጸልይ፣ በግማሽ ልቧ ጸሎቷ እንዳይሰማ እየለመነች ነው። ምላስሽ ቢታሰር አይገርመኝም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4ን አንብቢው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ታስረው አደሩ፤ በኢየሱስ ስም ዳግመኛ እንዳይናገሩ ተዝቶባቸው ተለቀቁ። ወደ ወዳጆቻቸው ሄደው አብረው ጸለዩ። ዛቻውን አስቁምልን አላሉም። የለመኑት ቃሉን «በፍጹም ግልጥነት» እንዲናገሩ ነው። ግልጥነት! በግሪኩ ፓሬሲያ ይባላል፤ ያለውን ሳይሸፋፍኑ መናገር ነው። ጳውሎስም በሰንሰለት ታስሮ ሳለ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ በግልጥ መናገር እንዲችል ይጸልዩለት ዘንድ ለመናቸው። ያን ሁሉ አገር የዞረ ሰው! ለቆሮንቶስ ሰዎችም እነሱ ዘንድ የሰነበተው በፍርሃትና በብዙ መንቀጥቀጥ እንደነበር ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። (ይኼን ባነበብኩ ቁጥር እፎይ እላለሁ።)

ግልጥነት ደግሞ ለእኛ ለጎጃሞች ከባድ ነው። የዋሸራ ቅኔ አገር ሰዎች ነን። ወርቁን በሰም ሸፍነን መናገር ገና ከእናታችን ጉልበት የተማርነው ነው። ለቅኔ ግሩም ነው፤ ለቤት ሐዘን ግን አይሆንም። ወንድምሽ «ሰባኪዋ መጣች» ሲል ሰሙ ቀልድ ነው። ወርቁ ምን ይመስልሻል? ለእኔ «የአባየን ነገር ሰው ፊት እንዳታነሺብኝ» ያለሽ ነው የሚመስለኝ። አንቺም ስለ ክርስቶስ ልንገርህ ስትዪ ውስጥሽ ያለው ሌላ ነው፦ «ወንድሜ፣ ያለ አንተ ቤተ ክርስቲያን መቆም ከበደኝ።» ታዲያ ይኼንን ለምን አትዪውም? ሁለታችሁም ሰም ለሰም ስትወራወሩ 3 ዓመት አለፈ።

እኔ ልጅ ሆኜ ቅኔ ልማር ቢቸና አካባቢ ወጥቼ ነበር። ብዙም አልገፋሁበት። የመጀመሪያ ቀን ደበሎየን ለብሼ፣ አኮፋዳየን አንግቼ አንድ ደጅ ላይ ቆምኩ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ድምፄ እምቢ አለ። ውሻው ጮኸ፣ እኔም ሮጥኩ፣ ጦሜን አደርኩ። ማታ አንድ ነባር ተማሪ ስቆ ስቆ ሲያበቃ «አንተ ማነህና ነው ያፈርከው? በራስህ ስም መስሎሃል እንዴ የምትለምነው?» አለኝ። በማግስቱም ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ግን ወጣ። ቁራሽ እንጀራ ይዘው የመጡት እናት መንቀጥቀጤን ልብ ያሉት አልመሰለኝም፤ አይተውም ከሆነ እንዳላዩ አልፈውኛል። ፍርሃቴ እስኪለቀኝ ብጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ደጅ ቆሜ ነበር።

እሽ፣ አሁን ወደ ገናው እንምጣ። ቡና ላይ አታንሺው። እናትሽ በዚህ ልክ ናቸው። ሰው በተሰበሰበበት ታላቅ ወንድም ከታናሽ እኅቱ ፊት አይረታም፤ የግድ ይቀልዳል፣ የግድ ያስቃል። ይልቅ የዋዜማው ዕለት ብቻውን ስታገኚው «ሌሊት ብቻየን መሄድ ፈርቻለሁ፣ እንደ ድሮው አድርሰኝ» በይው። ተንኮል አይደለም፣ በእውነትም ትፈሪያለሽ። ግቢው በር ላይ ቢመለስ ይመለስ። ገብቶ ከዛፍ ሥር ቢቆምም ዝም በይው። ፊልጶስ ናትናኤልን «መጥተህ እይ» ነው ያለው እንጂ አልተከራከረውም። ማኅሌቱ ሲደምቅ፣ «ዮም ፍሥሐ ኮነ» ሲባል፣ ያን ዜማ በልጅነቱ የሚያውቅ ጆሮ ያለ አንቺም እርዳታ ይሰማዋል።

ወሬው ደግሞ መንገድ ላይ ይቀላል። ጎን ለጎን ሲሄዱ ፊት ለፊት መተያየት የለም። ከሰዓት ወንዶቹ ገና ሊጫወቱ ሜዳ ሲወጡ አብረሽው ውጪ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? ቀኑ ራሱ ፈቃድ ይሰጥሻል። መጀመሪያ ግን ጠይቂው፦ «የአባየ ነገር እንዴት አድርጎሃል?» ከዚያ ዝም በይ። የሚበዛው ግልጥነት እዚህ ላይ ነው፣ ሰው ሲናደድ ሳያቋርጡ መስማት። በእግዚአብሔር ላይ የመረረ ነገር ቢናገር አትደንግጪ፤ ዳዊትም ብዙ ተናግሯል። «አባየ ለምን አልዳነም?» ካለሽ መልስ አትፍጠሪለት። እኔም መልስ የለኝም። «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብለሽ ቶሎ አትዝጊበት። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሳው እያወቀ እንኳ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አልቅሷል።

ንግግርሽ አንድ ዐረፍተ ነገር ይሁን። ልደቱ የሚለው እኮ አማኑኤል ነው፣ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር። አባትሽ ለምን እንደሞቱ አያስረዳም፤ ብቻችንን እንዳልሆንን ግን ይናገራል። አባትሽ የሞቱ ሌሊት አንቺን ያቆመሽ ምን ነበር? እሱን ንገሪው፣ የራስሽን። ጥቅስ አትደርድሪ፤ ጥቅሱን ከአንቺ በፊት የሚያውቅ ሰው ነው።

ጸሎቱንም እንዲህ ብታደርጊው ምን ይመስልሻል? ዳዊት 50 ላይ «ከንፈሮቼን ክፈት» የሚለውን ይዘሽ፣ «ጌታ ሆይ፣ ወንድሜን ታውቀዋለህ። እኔንም ታውቀኛለህ። ያለውን በግልጥ እንድናገር ከንፈሬን ክፈት። የሚበዛውን አስቀርልኝ» በይ። ስሙን ጠርተሽ ጸልዪ። አንድ ወዳጅሽንም አብራሽ እንድትጸልይ ለምኚያት፤ ሐዋርያትም ብቻቸውን አልጸለዩም። ደግሞ የሉቃስን ወንጌል 1 እና 2 ሂጂበት፦ ለዘካርያስ «አትፍራ»፣ ለእመቤታችን «አትፍሪ»፣ ለእረኞቹ «አትፍሩ»። የልደቱ ታሪክ በፈሩ ሰዎች የተሞላ ነው። እረኞቹም ሄደው ያወሩት ያዩትንና የሰሙትን ነው፤ ሌላ ምንም አልጨመሩ።

እምቢ ካለሽ ምሳውን አብረሽው ብዪ። ፋሲካም ይመጣል።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ ነው። አብሮኝ የሚሠራ የውጭ አገር ሰው «የእናንተ ገና ለምን ከእኛ ይለያል?» ቢለኝ ዝም አልኩ። ስለ እምነቴ መመስከር ይቅርና ቀኑን እንኳ ማስረዳት አቃተኝ፣ አፈርኩ።

መልስ፦ አይዞህ፣ ይኼ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። የእኛ ታኅሣሥ 29 በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ነው። እነሱ የሚጠቀሙበት የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የመጣው በፈረንጆቹ 1582 ነው፤ ዛሬ በሁለቱ መካከል የ13 ቀን ልዩነት አለ። ከዲሴምበር 25 ላይ 13 ቀን ቁጠር፣ ጃንዋሪ 7 ትደርሳለህ። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 እንዲያ ነበር፣ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። ይኼን ሁሉ ግን ቢሮ ቆሞ ከሚሰማ ቤትህ መጥቶ ዶሮ እየበላ ቢሰማው ይሻለዋል። ጥራው። በርበሬውን ብቻ ቀነስ በሉለት።