መልስ፦ የትንፋሽ አሴቶን ሴንሰር ንባቡ ለምን ይዋዥቃል?

ሰላም ወንድሜ፣ የስኳር ሕመምን ለመጠቆም ጎንደር ላይ በትንፋሽ ውስጥ ያለውን አሴቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ ተን) የምትለካበት የቲን ኦክሳይድ ሴንሰርህ በንጹሕ አሴቶን ደህና ሠርቶ በሰው ትንፋሽ ላይ የሚዋዥቀው በአብዛኛው በእርጥበት ምክንያት ነው። አሴቶን በሴንሰሩ ናኖ (እጅግ ደቃቅ) ቅንጣቶች ገጽ ላይ ከተጣበቀው ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ኤሌክትሮን ይለቀቅና ሬዚስታንሱ (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ) ይወርዳል፤ የውሃ ተን ግን ያንኑ ቦታ ይሻማል። ትንፋሽ ደግሞ በውሃ ተን የጠገበ ነው። ስለዚህ ካሊብሬሽኑን (ንባቡን ከታወቀ መጠን ጋር ማመሳከሩን) በደረቅ ጋዝ ሳይሆን በእርጥብ አየር ሥራው። ትንፋሹ የሚያልፍበትን ቱቦም 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አሙቀው፤ አለዚያ ውስጡ ጠብታ ይቋጥርና አሴቶኑን ይውጠዋል።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የኦክስጅኑ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የሴንሰሩን ካታሎግ ግራፍ እንዳለ አትውሰድ፤ የመነሻ ንባቡን እዚያው በከተማው አየር ለካ።

የትንፋሹን መጀመሪያ ጥለህ መጨረሻውን ሰብስብ። ጠላ የጠጣን ወይም እጁን በአልኮል ያሸን ሰው አትለካ፤ ሴንሰሩ ኤታኖልን ከአሴቶን በደንብ አይለይም። ከሁሉ በላይ ግን ጾም! እስከ 9 ሰዓት ያልቀመሰ ጤነኛ ሰው ስብ ስለሚያቃጥል አሴቶኑ ከፍ ሊል ይችላል። የመጨረሻ ምግቡን ሰዓት ሳትመዘግብ በፍጹም የስኳር ሕመም ነው እንዳትል፤ የደም ምርመራን አይተካም። የሲሊኮን ማጣበቂያም ከሳጥኑ አርቅ፣ ተኑ ሴንሰሩን ለዘለቄታው ያበላሸዋል።