ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የቴስቶስቴሮን መርፌ መጠኑን ልጨምር?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ድካም ይጫነኛል፣ የወሲብ ፍላጎቴም ቀንሷል። ጂም የማውቀው ልጅ ሰስታኖን 250 የሚባል የቴስቶስቴሮን (የወንድ ሆርሞን) መርፌ ከዱባይ ያስመጣልኛል። አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ አንድ አምፑል ተወጋሁ። ጉልበቴ ተመልሷል፤ ባለቤቴ ግን እስካሁን አላረገዘችም። መጠኑን ብጨምር ይረዳል? ሐኪም ፊት ቀርቤ ይህንን ማውራት አፍራለሁ።
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቁኝ ስለ መጠን ነው። ከደብዳቤዎ ውስጥ የሚሰማኝ ግን ሌላ ነው፦ «ልጅ ሳልወልድ ልቀር ነው? ወንድነቴስ ጎድሏል?»

ወንድነትዎ አልጎደለም። በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ብዙ ወንዶች በዚሁ ምክንያት ይመጣሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ የኑሮ ጭንቀት፣ ውፍረት፣ ስኳር፣ ጫትና መጠጥ ሁሉም ጉልበትንና ፍላጎትን ይቀንሳሉ። ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚያዘወትር ሰውም ሆርሞኑ ይወርዳል። አብዛኛው መፍትሔ ያለው ነገር ነው።

መጠኑን ግን በፍጹም አይጨምሩ።

«የወንድ ሆርሞን ነው፤ ሲጨመር ዘርም ይበዛል» የሚል እምነት ከስንት ሰው አፍ እንደሰማሁት! ተምረዋል ከሚባሉ ሰዎችም ሰምቼዋለሁ። እውነቱ ተቃራኒው ነው። አንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች በሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች የዘር ፍሬን «ሥራ» ብላ የምታዘው እሷ ናት። ከውጭ በመርፌ ቴስቶስቴሮን ሲገባ «በቂ አለ» ብላ ትእዛዙን ታቆማለች። የዘር ፍሬም ሥራውን ይተዋል። ስፐርም ለማምረት የዘር ፍሬ ውስጥ የሚያስፈልገው ቴስቶስቴሮን ደግሞ ደም ውስጥ ካለው ብዙ እጥፍ ነው፤ መርፌው እዚያ ድረስ አይሞላውም። ስለዚህ ደምዎ ሞልቶ የዘር ፍሬዎ ባዶ ይሆናል። እርስዎ ጉልበት ስለተሰማዎት ሁሉም ነገር የተሻሻለ ይመስልዎታል፤ ስፐርምዎ ግን እያለቀ ሊሆን ይችላል።

ይህ ግምት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቴስቶስቴሮንን ለወንዶች የወሊድ መከላከያነት አስጠንቷል። ውጤቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጤነኛ ወንዶች በየሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም ይወጉ ነበር። በወራት ውስጥ የአብዛኞቹ ስፐርም ዜሮ ገባ። የእርስዎ አንድ አምፑል 250 ሚሊ ግራም ነው። ልጅ እየፈለጉ የወሊድ መከላከያ እየተወጉ ነው፣ ወንድሜ።

አይደንግጡ። መርፌው ከቆመ በኋላ በአብዛኞቹ ወንዶች ስፐርም ይመለሳል፤ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። አንዳንዱ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። ብዙ በተወጉ ቁጥር መመለሱም ይዘገያል። «ትንሽ ልቆይ» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አስቆጥቶኛል። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ደም እንደተመረመሩ አልነገሩኝም። የቴስቶስቴሮን እጥረት በስሜት ብቻ አይታወቅም። ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት፣ ምግብ ሳይበሉ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይለካል። ሁለቱም ጊዜ ከ300 ናኖ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነና ምልክት ካለ ነው ስለ ሕክምና የምናወራው። አሁን ቢለካ የምናየው የመርፌውን ነው። የራስዎን ልክ ለማወቅ መርፌው ከሰውነትዎ እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ነው። ይህንን ሁሉ ያመጣው የጂም ጓደኛ ምክር ነው!

በእርግጥ እጥረት ያለባቸው ሰዎች አሉ፤ ሕክምናውም ይጠቅማቸዋል። ግን ከሐኪም ጋር ነው የሚሄደው። ሐኪሙ ልጅ መፈለግዎን አስቀድሞ ይጠይቃል። ከፈለጉ የራስዎን የዘር ፍሬ የሚቀሰቅሱ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ እነሱንም ከጂም አይግዙ። መርፌው የታዘዘለት ሰው ደሙ በየጊዜው ይታያል፤ ደም ስለሚያወፍር ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ ያለው የቀይ የደም ሴሎች ድርሻ) ከ54 በመቶ ካለፈ መርፌው ይቆማል። አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠና ካመመዎት፣ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስለ እፍረቱ። እኛ ይህንን በየቀኑ እንሰማለን፤ ማንም አይስቅብዎትም። ባዶውን አምፑል በኪስዎ ይዘው ይሂዱና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት፤ ወሬውን እሱ ይጀምርልዎታል። ምን ያህል እንደተወጉ ግን አይደብቁ።

የሚቀጥለውን መርፌ አይውሰዱ። በዚሁ ሳምንት የውስጥ ደዌ ሐኪም ወይም ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንዶች መራቢያ አካል ሐኪም) ጋ ይቅረቡ። ካቆሙ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ድካሙ ሊመለስ፣ ስሜትዎም ሊወርድ ይችላል፤ ያ መርፌውን እንደገና ለመጀመር ምክንያት አይሁን። ተስፋ መቁረጡ ከበረታ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። የዘር ፈሳሽ ምርመራም ያስፈልግዎታል፤ ከምርመራው በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ይታቀቡ። ባለቤትዎንም ይዘዋት ይምጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዘመድ «እሷ ናት» እያለ ሲያማት ከርሞ ይሆናል፤ ውጤቱን አብራችሁ ስሙት።