ጠጄ አልፈላ አለ፤ አማቴ ደግሞ «እጅሽ ነው» ይላሉ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ዘወትር አነባለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ ትዕግስቴ ስላለቀ ነው። ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲወረድ ነው፤ አማቴ አብረውን ይኖራሉ። እሳቸው በደህና ጊዜያቸው የጣሉት ጠጅ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ የምጥለው እኔ ነኝ። እና በጣልኩ ቁጥር ያው ነው፦ ይጀምራል፣ ትንሽ ይንተከተካል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ብርዝ ሆኖ ይቀራል። «የአንቺ እጅ ለጠጅ አልተፈጠረም» ይሉኛል፣ እንግዳ ፊት ሳይቀር። ባለቤቴ ይሰማል፣ ዝም ይላል።

ጋሼ፣ በንጽሕና አልታማም። ጋኑን በፈላ ውሃ አጥባለሁ፣ በወይራ አጥናለሁ። ጌሾውን ከመርካቶ ራሴ መርጬ ነው የማመጣው። ማሩንም ቢሆን አሻሽያለሁ፤ ያንን ሰፈፍና የንብ እጭ የተደባለቀበትን ትቼ በጠርሙስ የታሸገውን፣ ጥርት ያለውን ነው የምገዛው፣ ውድ ቢሆንም። ታዲያ ምን አጎደልኩ? እጅ ማለት ምንድን ነው? እናቴ እኮ ጠጅ ጥላ ነው ያሳደገችኝ። ጋኑን ስከፍተው የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ነገር ይሸተኛል፣ እሱ ግን ቆይቶ ይጠፋል። አማቴ ግን ጠረኑንም የእኔ ያደርጉታል።

አሁን የባለቤቴ እህት ሰርግ ደርሷል፤ ጠጁ የእኔ ድርሻ ነው። ባዮሎጂ የሚማረው ወንድሜ «እርሾው አሚኖ አሲድና ዚንክ አጥሮት ነው፤ ለሕፃናት ተቅማጥ የሚሰጠውን ዚንክ ከፋርማሲ ገዝተሽ ጨምሪበት» አለኝ። ገበሬው አጎቴ ደግሞ «የጎደለው ናይትሮጂን ከሆነ ዩሪያ ነው መድኃኒቱ» ብሎ በፌስታል ላከልኝ። ማድቤት አስቀምጬዋለሁ። ትንሽ ጣል ባደርግበት ምን ይላሉ?

መልስ

እህቴ፣ ፌስታሉን ዛሬውኑ ከማድቤት አውጪው። የእርሻ ማዳበሪያ ለሰው አፍ አልተሠራም። በዚያ ላይ ዩሪያ ከአልኮል ጋር ሲቆይ ኢታይል ካርባሜት የሚባል ነገር ይፈጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ2007 መርምሮ በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚላቸው ተርታ መድቦታል። አጎትሽ ለበጎ አስበው ነው፤ አንቺ ግን ይህን ለሰርገኛ ልታቀርቢ እያሰብሽ ከሆነ እቆጣሻለሁ።

አሁን ወደ ማሩ። «አሻሽያለሁ» ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሽው እሱ ነው ጉዱ።

ማር ከመቶው 80 ያህሉ ስኳር ነው። ስኳር ለእርሾ ጉልበት ይሆነዋል፤ ለመባዛት ግን ፕሮቲን መሥራት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ናይትሮጂን ያስፈልገዋል። እርሾ ጎበዝ ፍጡር ነው። ናይትሮጂኑን በሚስማማው መልክ ካገኘ ፕሮቲን የሚገነባባቸውን 20ዎቹንም አሚኖ አሲዶች ራሱ ይሠራቸዋል። ማር ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ከአሚኖ አሲዶቹም የሚበዛው ፕሮሊን የሚባለው ነው። እርሾ ፕሮሊንን የሚጠቀምበት ደግሞ ኦክሲጅን ሲኖር ብቻ ነው። ብርዙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ገና በጅምሩ ስለሚያልቅ፣ ፕሮሊኑ እዚያው እያለ እርሾው ይራባል፤ ጤፍ ሞልቶ ምጣድ እንደሌለበት ቤት።

የአማትሽ ጠጅ ታዲያ በምን ፈላ? አንቺ በተጠየፍሽው ነገር ነዋ! ከነሰፈፉ ያለ ጥሬ ማር የአበባ ብናኝ አለው፣ እጭ አለው። አሚኖ አሲዱም ማዕድኑም ከዚያ ይመጣል። አንቺ ብዙ ብር ከፍለሽ የእርሾሽን ምግብ አስወጣሽው። ጥርት ያለው ማር ለዳቦ ጥሩ ነው፣ ለጠጅ ግን እኔ አልገዛውም።

የእንቁላሉም ጠረን ይህንኑ ነው የሚነግርሽ። እርሾ ሰልፈር ያለባቸውን አሚኖ አሲዶች፣ እነ ሜቲዮኒንን፣ መሥራት ይጀምርና ናይትሮጂን ሲያጥረው መጨረስ ያቅተዋል። የተረፈው ሰልፈር ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሆኖ ይወጣል። ጠረኑ ቆይቶ ስለጠፋ ረሃቡ ጠፋ ማለት አይደለም። «የመዳብ ሳንቲም ጣይበት» የሚልሽም አይጠፋም። መዳብ እርግጥ ጠረኑን ይይዘዋል፣ እርሾውን ግን አያበላውም፤ ሲበዛ ደግሞ ለእርሾውም ለጠጪውም መርዝ ነው።

ወንድምሽ የተናገረው ውሸት አይደለም። አልኮል የሚሠራው የመጨረሻው ኢንዛይም፣ ማለትም በእርሾው ውስጥ ሥራውን የሚያፋጥነው ፕሮቲን፣ ዚንክ ከሌለ አይሠራም፤ ማግኒዚየምም ስኳሩን ለሚሰብሩት ኢንዛይሞች የግድ ነው። ግን የሚፈለገው ዚንክ በሊትር ከአንድ ሚሊግራም በታች ነው፣ ናይትሮጂን ለተራበ እርሾ ደግሞ ዚንክ ብቻውን ምንም አያደርግለትም። ክኒኑ ለሕፃናቱ ይቅር።

ከሰርጉ በፊት በትንሽ እንስራ ሞክሪው። ጥሬ ማር አንድ እጅ፣ ውሃ ሦስት እጅ አድርጊና መጀመሪያ ላይ አየር እንዲገባው ደህና አድርገሽ አማስዪው፤ ኦክሲጅን የሚጠቅመው ያኔ ነው። መፍላቱ ከበረታ በኋላ ግን አትነካኪው። ሰፈፉን ቀስ ብለሽ ከላይ ትገፊዋለሽ። ጎረቤት በደንብ የሚፈላ ጠጅ ካለ ከእሱ ትንሽ ለእርሾ ለምኚ፤ ጋንሽን በፈላ ውሃ ስታጥቢ ጋኑ ላይ የነበረውንም እርሾ ሳትጨርሺው አትቀሪም።

እጅሽ ምንም አልሆነም የኔ እህት። አማትሽ ባለሙያ ናቸው፣ ግን ሙያቸውን ማስተማር ትተው ሰው ፊት ማሳፈር አልነበረባቸውም። በምን ማር ይጥሉ እንደነበር በአክብሮት ጠይቂያቸው። እኔን የከነከነኝ ግን ባልሽ ነው። ሚስቱ በእንግዳ ፊት ስትዋረድ ዝም የሚል ሰው ምን እየጠበቀ ነው? ሰርጉ የእህቱ ነው። መርካቶ ሄዶ ማሩን ተሸክሞ ይምጣ፤ ከነሰፈፉ መሆኑን ግን አጥብቀሽ ንገሪው።