የመሀል አዲስ አበባ ሰፈሮች ስም ከየት መጣ? ጠይቁኝ

ፒያሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ የሰፈር ስም ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ያላችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለገሀር ኦሮምኛ ነው አይደል? እንደ ለገጣፎ፣ ለገዳዲ?

መልስ፦ ለገ በኦሮምኛ ወንዝ ስለሆነ ለገጣፎና ለገዳዲ ላይ ልክ ነህ። ለገሀር ግን ፈረንሳይኛ ነው፣ ላ ጋር፣ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፣ ከዛ የኛ ሰው በራሱ አፍ ለገሀር አደረገው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በፊትስ እዚህ ማን ነበር?

መልስ፦ እህቴ ተባረኪ፣ አብዛኛው ሰው ታሪኩን ከእቴጌ ጣይቱ ነው የሚጀምረው። ፍልውሃ አካባቢ ያለው ቦታ ፊንፊኔ ነበር የሚባለው፣ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች አርሰው ከብት አርብተው የሚኖሩበት አገር። ጉለሌ ራሱ የጎሳ ስም ነው፣ የካም እንደዛው። በ1879 እቴጌ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሰሩና አዲስ አበባ አሉት፣ ከዛ መኳንንቱም ሰራዊቱም ተከትሎ ሲሰፍር የቆየው ባላገር መሬቱን እያጣ ተገፋ። እኛ ስናድግ ይሄን የነገረን የለም፣ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ለምንድነው ብዙው ሰፈር በሹመኛ ስም የሚጠራው?

መልስ፦ ሰፈር ማለት እኮ ድሮ ጦር የሰፈረበት ነው። አፄ ምኒልክ በግቢው ዙሪያ ለየመኳንንቱ ቦታ ሰጡ፣ መኳንንቱ ጉብታው ላይ ቤቱን ይሰራል፣ ወታደሩና አሽከሩ ዙሪያውን ጎጆ ይቀልሳል፣ ሰፈሩም በጌታው ስም ይቀራል። ደጃች ውቤ ሰፈርን ማየት ይበቃል። ሰራተኛ ሰፈር ግን የሹመኛ ሳይሆን የባለሙያ ነው፣ ቀጥቃጩ፣ አንጥረኛው፣ ሸማኔው የሰፈረበት፣ ለኔ ከሁሉም የሚያኮራው ስም እሱ ነው ምክንያቱም ከተማዋን በእጃቸው የሰሩትን ሰዎች ነው የሚያስታውሰው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስስ?

መልስ፦ ጣልያን ነው። ካዛ ቤት ነው፣ ኢንቺስ ደግሞ ለመንግስት ሰራተኞቻቸው ቤት የሚሰራው ተቋም አህፅሮት፣ አንድ ላይ ሲጠራ ካዛንቺስ ሆነ። ፖፖላሬ ሰፈርም የዛው ዘመን ነው፣ የተራው ህዝብ ቤት ለማለት።

ጥያቄ፦ እሪ በከንቱ?

መልስ፦ ሌባ የበዛበት ሰርጥ ስለነበር እሪ ብትል የሚደርስልህ የለም ይባል ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፣ ካዛንቺስም ፈረሰ፣ ስሙ አብሮ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ይገባኛል፣ እኔም ጎረቤቶቼ የት የት እንደገቡ ስሰማ ሆዴ ይባባል። ግን አራዳን እዪ። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ጣልያን ነቅሎ ወደ መርካቶ ወሰደው፣ ቦታውንም ፒያሳ አለው። ገበያው ከሄደ ሰማንያ ምናምን አመት ሆነው፣ ክፍለ ከተማው ግን ዛሬም አራዳ ነው፣ ነቃ ያለ ልጅ ስናይም አራዳ ነው እንላለን።