ሠላሳ ዓመት ተሰብስበው ምን አመጡ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ የምሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ናፍጣ ፍለጋ ማደያ ሰልፍ ላይ አደርኩ። መኪናው ውስጥ ጋደም ብዬ ሬዲዮ ስሰማ፣ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በ2020 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንደሚደረግ ተወራ። ነዳጅ ይቅር የሚሉ ሰዎችም አሉበት አሉ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሹፌር ‹እነዚህ እኮ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ይሰበሰባሉ› አለ። ጠዋት ቤት ስገባ ነገሩን ለስምንተኛ ክፍል ልጄ አጫወትኳት። ‹ታዲያ አባዬ፣ ለምን አልቆመም?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። እስቲ እርስዎ ይንገሩን። ይህ ስብሰባ ነዳጅ ላይ የረባ ነገር ሠርቷል? ይቁም ከተባለስ እኛ ምን ይውጠናል?»

ሹፌሩ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ጋሼ ብለኸኛልና አንተ እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ ለልጅህ ንገራት፤ ጥያቄዋ ትክክል ነው። 31 ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ይህንኑ ይጠይቀኝ ነበር። አጭሩ መልሴ ይኸው፦ ስብሰባው ጥቂት ነገር ሠርቷል። ነዳጅ ላይ የሠራው ግን ከሚያስፈልገው ጋር ሲተያይ በጣም ያንሳል። ያውም ዘግይቶ።

የጋዜጣ ቁራጭ የምለጥፍበት አሮጌ ደብተር አለኝ። ሙጫው ደርቆ፣ ስገልጠው አንዳንዱ ወረቀት ይረግፋል። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ አወጣሁትና አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩበት። ነዳጅን እንተው ብለው ተስማምተው የጻፉት መቼ ነው?

ዋናው የአየር ንብረት ስምምነት ለፊርማ የቀረበው በግንቦት 1984 ዓ.ም. መጨረሻ ሪዮ ዲ ጄኔሮ ላይ ነው። ነዳጅ እዚያ ውስጥ ተጠቅሷል። የተጠቀሰው ግን ገቢያቸው በነዳጅ ላይ የቆመ አገሮች እንዳይጎዱ ይታሰብላቸው ተብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተወራው ስለ ጭሱ ነው። ማን ስንት ቶን ጋዝ አየር ላይ ለቀቀ፣ ማን በስንት ፐርሰንት ይቀንስ። በታኅሣሥ 2008 ፓሪስ ላይ አገሮች የምድር ሙቀት ጭማሪ ከ2 ዲግሪ በታች እንዲሆን፣ ከተቻለም በ1.5 እንዲገታ ተስማሙ። ትልቅ ነገር ነበር፤ የዚያን ዕለት እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ስምምነቱን ከዳር እስከ ዳር ብታነበው ድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይት፣ የተፈጥሮ ጋዝ የሚል ቃል አንድ ቦታ አታገኝም። ማድቤቱ በጭስ ታፍኖ ስለ መስኮቱ ብቻ እየተነጋገሩ፣ ምድጃው ውስጥ እንጨት የሚጨምረው ማነው ብሎ አለመጠየቅ ነው።

በኅዳር 2014 ግላስጎው ላይ ድንጋይ ከሰል ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ተጠራ። ረቂቁ «ደረጃ በደረጃ ይቁም» ይል ነበር። መጨረሻው ሰዓት ላይ በሕንድ ጥያቄ «ደረጃ በደረጃ ይቀንስ» ተባለ። የጉባኤው ሰብሳቢ አሎክ ሻርማ ይቅርታ ሲጠይቁ እንባ ተናንቋቸው ንግግራቸው ተቋረጠ። ያንን በቴሌቪዥን ሳይ እኔም ሆዴ ባባ። አንዲት ቃል ናት። ግን «ይቁም» ስትልና «ይቀንስ» ስትል፣ ልዩነቱን ሹፌር አያጣውም፤ ፍሬን መያዝና ነዳጅ መቀነስ አንድ አይደለም።

ከመሬት ስለሚወጣው ነዳጅ በሙሉ የተጻፈው በታኅሣሥ 2016 ዱባይ ላይ ነው። «ከእነዚህ ነዳጆች መሸጋገር» የሚል ሐረግ ገባ። ከሪዮ እስከ ዱባይ 31 ዓመት። እኔ ያስተማርኩበት ዘመን ሙሉ ማለት ነው። ያኔ ሰብሳቢው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የነዳጅ ኩባንያ ኃላፊ ነበሩ። በኅዳር 2018 ብራዚል ቤሌም ላይ ከ80 በላይ አገሮች «እሺ፣ የምንሸጋገርበት ፍኖተ ካርታ ይውጣ» ብለው ተነሱ። ሳውዲ ዓረቢያንና ሩሲያን የመሳሰሉ አምራቾች አልተቀበሉትም። የመጨረሻው ሰነድ ነዳጅን በስሙ ሳይጠራ ወጣ።

ልጅህ «ለምን?» ማለቷ አይቀርም። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለሆንኩ በእድር ላስረዳት። እኛ መዋጮ እንጨምር ወይ ብለን ስንሰበሰብ እጅ ይቆጠራል። ብዙው ካለ አለቀ። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ስሙም ይነበባል። እዚያ ግን እጅ አይቆጠርም። በመጋቢት 1987 በርሊን ላይ የመጀመሪያው ጉባኤ ሲደረግ የድምፅ አሰጣጡን ደንብ ማጽደቅ አልቻሉም። ደንቡ እስከ ዛሬ ረቂቅ ነው። ስለዚህ ሁሉም እሺ ማለት አለበት። ወደ 200 የሚጠጉ አገሮች ተቀምጠው፣ ኑሯቸው በነዳጅ ሽያጭ ላይ የቆመ ጥቂቶች ነገሩን ማስቀረት ይችላሉ። ቅጣትም የለም። ቃሉን ያጠፈውን አገር ማንም አይቀጣውም። እድራችን በዚህ ደንብ ቢሠራ አንድ ድንኳን እንኳ አንገዛም ነበር። የድምፅ አሰጣጡ ነገር በዜና ብዙም አይወራም። ለእኔ ግን ዋናው በሽታ ይሄ ነው።

አሁን ሁለት ቁጥሮች ልንገርህ፤ ሁለቱንም ያዛቸው። ሪዮ ላይ ሲፈራረሙ ዓለም ከመሬት ከሚወጡት ነዳጆች የምትለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመት 22 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ዛሬ ከ37 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። በዚህ ብቻ ከፈረድን ስብሰባው ወድቋል። ሌላው ቁጥር ደግሞ አለ። ከፓሪስ በፊት ዓለም በያዘችው መንገድ ብትሄድ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ሙቀቱ ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል ይባል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም አሁን ባሉት ፖሊሲዎች 2.8 ዲግሪ ይላል። 2.8 መጥፎ ነው፤ ለገበሬያችን በጣም መጥፎ ነው። ግን 4 አይደለም። ለውጡን ያመጣው ስብሰባው ብቻ አይደለም። የፀሐይ ኃይል መሣሪያና ባትሪ መርከሳቸው ትልቁን ሥራ ሠርቷል። ቢሆንም መንግሥታትና ፋብሪካዎች ነገሩ ወደየት እንደሚያዘነብል ያዩት ከዚያ አዳራሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እንደ ቫኑዋቱ ያለች ትንሽ የደሴት አገር ከኃያላኑ ፊት ተቀምጣ የምትናገርበት ሌላ ቦታ ጥቂት ነው። በአየር ንብረት ለውጥ ለሚጎዱ አገሮች የሚሆን ፈንድ በኅዳር 2015 ሻርም ኤል ሼክ ላይ የተገኘው በእነዚህ ትንንሽ አገሮች ጩኸት ነው። ቫኑዋቱ እዚያ ላይ አላቆመችም። ሌሎችን አስተባብራ ጉዳዩን ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ዘንድ አደረሰችው። ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2017 በሰጠው አስተያየት፣ መንግሥታት የአየር ንብረቱን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ነዳጅ ማውጣትንና መደጎምንም ዝም ብሎ ማየት በሕግ ሊያስጠይቅ እንደሚችል ተናገረ። ስለዚህ «ስብሰባው ይቅር» የሚሉትን አልደግፍም። ከቀረ ጠረጴዛው ለሀብታሞቹ ብቻ ይቀራል።

ወደ አንተ ልምጣ። እኛ ምን ይውጠናል ብለሃል።

እስካሁን የአንተን ናፍጣ የነካው ጉባኤ የለም። የነካህ የአገር ውስጥ ውሳኔ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ ለሕዝብ ማመላለሻ የተለየ ድጎማ በቴሌብር እንደተሰጣችሁ ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ምክንያቱ ከሁሉም በላይ ዶላር ነው፤ ነዳጁ በሙሉ በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ ነው የሚመጣው። ሰልፍ ላይ የምታድርበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዓለም ከነዳጅ ከምትለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የእኛ ድርሻ ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ስለዚህ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ እንዳታስብ።

ግን አንድ እውነት አለ። ከነዳጅ መውጣት ለእኛ ለራሳችን ይጠቅመናል። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው። ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ጭንቄ ግድቡ ላይ አይደለም፤ ከግድቡ እስከ ቤታችን ባለው ሽቦ ላይ ነው። እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የዛሬ ዓመት ክረምት የብሎካችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። አንድ እሑድ ጠዋት ሁሉም ምጣድ ጥዶ እንጀራ ሲጋግር «ጧ!» አለ። ባለቤቴ አክንባሎውን እንዳነሳች ቀረች፤ ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ሊጥ ሆኖ ደረቀ። ተጠግኖ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ከሰል አነደድን። ደረጃው ሁሉ ጠቁሮ ነበር፤ ጎረቤታችን የአስም በሽተኛ ስለሆነች ልጇ ቤት ሄደች። በዚህ ሁኔታ ላይ አንተ መኪናህን በኤሌክትሪክ ቀይር ብልህ፣ ማታ የት ትሰካዋለህ?

ለዚህ ነው ገንዘቡ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የሆነው። በታኅሣሥ 2002 ኮፐንሃገን ላይ፣ መለስ ዜናዊ ለአፍሪካ በተደራደሩበት ጉባኤ፣ ሀብታሞቹ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እንሰጣለን አሉ። የሞላው ከቀኑ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። አብዛኛውም ብድር ነው። በኅዳር 2017 ባኩ ላይ ታዳጊ አገሮች በዓመት 1.3 ትሪሊዮን ሲጠይቁ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2035 ድረስ በዓመት 300 ቢሊዮን ለማድረስ ቃል ተገባ። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ መንግሥታት ነዳጅ ለመደጎም በቀጥታ ያወጡት 1.3 ትሪሊዮን ዶላር እንደሆነ የዓለም የገንዘብ ድርጅት አስልቷል። ያው 1.3 ነው። ገንዘቡ አልጠፋም፤ እሱን ሳስብ ነው የምናደደው።

እኛም ፈተናው አለብን። ሶማሌ ክልል፣ ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ማውጣት ጀምረናል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችንም ድንጋይ ከሰል ያነዳሉ። በ2020 እንግዶቹ ሲመጡ ይህንን ማንሳታቸው አይቀርም። እኔ የምለው፣ መቶ ዓመት ቆፍሮ የበለጸገው ቀድሞ ያቁም፤ ለእኛም መሸጋገሪያውን ይክፈል። ግን «ቀድሞ ያቁም» ስንል ቀን ይጻፍበት። ዱባይ ላይ የጎደለው ቀን ነው። የኛ ተደራዳሪዎች ከ2020ው ጉባኤ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢወጡ የምመርጠው ይህንን ነው፤ የትኛው አገር በየትኛው ዓመት አዲስ ጉድጓድ መቆፈር እንደሚያቆም የሚናገር ሰንጠረዥ። ኮሎምቢያና ኔዘርላንድስ ከዋናው ጉባኤ ውጪ፣ ነዳጅን ብቻ የሚመለከት ስብሰባ በሚያዝያ 2018 ሳንታ ማርታ ላይ ጠርተዋል። እሺ የሚሉት ለብቻቸው ቢጀምሩ ጥሩ ነው።

አንተ ግን የያዝከውን መኪና በፍርሃት በርካሽ እንዳትሸጥ። የሚቀጥለውን ስትገዛ ኤሌክትሪክ የሆነውን ጠይቅ። ባትሪው ስንት ዓመት ዋስትና አለው፣ መለዋወጫው የት ይገኛል፣ ማኅበራችሁ የራሱ መሙያ ማቆም ይችላል ወይ? ይህንን ለብቻህ ሳይሆን በማኅበር ጠይቁ።

ጥያቄ

«ኮዬ ፈጬ መንገድ ዳር ቡና አፍልቼ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ‹የዓለም አገሮች ከሰል እንዲቆም ጠየቁ› ሲባል ሰምቼ ደነገጥኩ። የኔን ከሰል ሊከለክሉኝ ነው?»

ቡና አፍይዋ

መልስ

እህቴ፣ አይዞሽ፤ ያንቺ አይደለም። ቋንቋችን ሁለቱንም ከሰል ስለሚላቸው ነው የተምታታብሽ። እነሱ የሚሉት ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣውን፣ በባቡርና በመርከብ የሚጫነውን፣ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ውስጥ የሚነደውን ድንጋይ ከሰል ነው። ያንቺ ከዛፍ የከሰለ ነው። እሱም ለደናችን ጉዳት አለው፤ ዛፉ እንደገና ካልተተከለ አይመለስም። ቢሆንም መብራቱ ሳይታመን አንቺን ከሰል ተዪ የሚል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ መብራቱን ያስተካክል።

ስለ ራስሽ ግን አንድ ነገር አደራ። ማታ ዕቃሽን ስትሰበስቢ የተረፈውን ፍም ለሙቀት ብለሽ ቤት እንዳታስገቢው፤ በተለይ በክረምት በሩ ተዘግቶ ልጆች በተኙበት። ጭሱ ስላለቀ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ደጅ ላይ ውኃ አፍስሰሽበት ግቢ።